አራት ዲግሪና አንድ ብልቃጥ

ወንድምየው እንደሚለው እህቱ አራት ዲግሪ አላት፤ አራቱም ከስሟ ቀጥለው፣ ሳይታጠሩና ሳይሸራረፉ መጻፍ አለባቸው። እህትየዋ እንደምትለው ደግሞ ያላት አንድ ዲግሪ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ቦታ ከጠበበ ቢቀር ቅር አይላትም።

ሁለቱም ይህን የተናገሩት በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ለአንድ ሰው ነው። ወንድምየው ተናግሮ ወጣ፤ ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ እህትየዋ ገብታ ተቀመጠችበት። ሰሚው የሕክምና መጽሔቱ አራሚ ነበር። ሥራው የሐኪሞችን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ማንበብ፣ የተረሳ ነጠላ ሰረዝ መትከል፣ ከሁሉም በላይ ግን ከየሐኪሙ ስም ኋላ የሚንጠለጠለውን ዲግሪ ማጣራት ነው።

አራሚው ሰው ሲናገር ማቋረጥ አይወድም። ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ሲነግሩትም «አንዱ ዋሽቷል» ብሎ ከመፍረዱ በፊት ሁለቱንም እውነት የሚያደርግ መንገድ ይፈልጋል። ዛሬ ግን መንገዱ ጠፋው። አራት የነበረ ነገር ኮሪደር ስላቋረጠ አንድ አይሆንም።

ቢሮው ከላቦራቶሪው ማዶ ያለች፣ በፊት የፋሻ ማከማቻ የነበረች ጠባብ ክፍል ናት። መስኮቷ ከልብስ ማጠቢያው ጓሮ ጋር ፊት ለፊት ነው፤ ነፋስ ሲነሳ የሆስፒታሉ አንሶላ በሙሉ መስኮቱ ላይ ይንደፋደፋል። ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ተወጥሯል፤ በገመዱ ላይ የየጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅሏል። የማተሚያ ማሽኑ ጎኑን በጥፊ ካልመቱት አይሠራም። እንግዳ የሚቀመጥበት ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ በዚያ ወንበር ላይ ዲግሪ ሊያስጨምር እንጂ ሊያስቀንስ የመጣ ሰው እስከ ዛሬ አልታየም።

ለማስጨመርማ ያልመጣ ማን አለ? አንዱ፣ በሆቴል አዳራሽ ተሰጥቶ በምሳ ሰዓት ያለቀ ሥልጠና ምስክር ወረቀት ይዞ መጥቶ ነበር። ሌላው ገና ያልጀመረውን ዲግሪ «ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ መጽሔታችሁ እስኪወጣ እደርስበታለሁ» ብሏል። አንድ ቀዶ ሐኪም ደግሞ የዲግሪው ዝርዝር መስመሩን ጨርሶ፣ ሁለተኛውን ይዞ፣ የጽሑፉን ርዕስ ወደ ታች ገፍቶት ነበር። ገጽ የምታቀናጀው ሴት ይህን ሁሉ «ጅራት» ነው የምትለው። «የዚህኛውን ጅራት የት ልጠቅልለው?» እያለች ትጠይቃለች።

አራሚው በጅራት ጉዳይ የሚጠነቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው እትም ዲግሪዎቹ ሁሉ አንድ መስመር ወደ ታች ተንሸራተው፣ የተከበሩት የዐይን ሐኪም የእንስሳት ሐኪም ሆነው ወጡ። የእንስሳት ሐኪሙ ምንም አላለም፤ እንዲያውም ሳይወደው አልቀረም። የዐይን ሐኪሙ ግን በኮሪደር ባለፉ ቁጥር ከአንዱ በር ኋላ «እምቧ» የሚል ድምፅ ይከተላቸው ጀመር። ዋና አዘጋጇ፣ ከስማቸው ኋላ ምንም የማያስጽፉት አረጋዊት ፕሮፌሰር፣ አራሚውን አስጠሩት።

«ከዛሬ ጀምሮ» አሉት፣ «የአንድ ጽሑፍ ጸሐፊዎች ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ፣ አንተ ፊት ይፈርማሉ። አንዱ ካልፈረመ ጽሑፉ አይወጣም። ሁለተኛ ላም ካሰማኸኝ ደግሞ ወደ ካርድ ክፍል ትመለሳለህ።»

ካርድ ክፍል በሽተኞች በመስኮት እጃቸውን አስገብተው ኮሌታ የሚይዙበት ቦታ ነው። አራሚው ከዚያ ነበር የመጣው።

እንግዲህ የዛሬዎቹ ወንድምና እህት ጽሑፍ «በሕፃናት አፍንጫ ውስጥ ስለሚገኙ ባዕድ ነገሮች» የሚል ነው። ወንድምየው በድንገተኛ ክፍል የሚሠራ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ለስላሳ ጠቅላላ ሐኪም ነው። ከልጆች አፍንጫ ያወጣውን ሁሉ አጥቦ፣ ቀን ጽፎበት፣ በአንድ ትልቅ ብልቃጥ ውስጥ ሲያጠራቅም ኖሯል፦ አተር፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ጨሌ፣ የላጲስ ቁራጭ፣ የአሻንጉሊት ጫማ፣ የመኪና መጫወቻ ጎማ። ሆስፒታሉ «ባለ ብልቃጡ» ነው የሚለው። እህቱ፣ የሕፃናት ሐኪምና ተመራማሪዋ፣ አንድ ቀን ብልቃጡን አንስታ አየችና «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ጥናት ነው» አለችው። እሱ ተናገረ፤ እሷ አሰላች፤ አብረው ጻፉት። ነገ ጠዋት ማተሚያ ቤት ይገባል።

ጠዋት ወንድምየው ሲመጣ ብልቃጡን ለፎቶግራፍ ይዞ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የተሰቀለውን ገጽ አየ፤ አየና መቆንጠጫውን ፈታው።

«የእህቴ ስም ላይ አንድ ዲግሪ ብቻ ይላል። ማነው የቆረጣት?»

«ራሳቸው ናቸው የሞሉት፣ ዶክተር።»

«ራሷ?» ራሱን ነቀነቀ። «እሷማ ታደርገዋለች። በል ጻፍ። የሕክምና ዶክተር። የሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊስት። የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ። ከዚያ ፒኤችዲ፤ የእሱ ስም በአንድ ትንፋሽ አያልቅልኝም፣ ከእሷ ትቀበላለህ።»

«የእርስዎስ?»

«የኔማ ያው ነው፤ የሕክምና ዶክተር። እሱን ለመጻፍ ብዙ ቀለም አይፈጅም።» ሳቀ። «አራቱ ካልተጻፉ ግን አልፈርምም። የፒኤችዲ መጽሐፏን ሌሊት ሌሊት ስትጽፍ ሻይ ያፈላሁላት እኔ ነኝ። ሻዬን አላስሰርዝም።»

እህትየዋ ተራዋን ስትገባ ገና ሳትቀመጥ ብልቃጡን አየች።

«ጋሼ እዚህ ነበር።»

«ነበሩ።»

«ምን አስጻፈህ?»

አራሚው ወረቀቱን ሰጣት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መልሳ የምትፈልግ ዓይነት ሴት ናት። እስከ መጨረሻው አነበበችና በቀይ እስክሪብቶ ሦስቱን ዲግሪ ሰረዘች።

«እነዚህ ከወጡ እኔ አልፈርምም» አለች።

«ዶክተር፣ ልጠይቅዎት፤ ቅር አይበልዎት። እዚህ ሰው ሁሉ ሊያስጨምር ነው የሚመጣው።»

ብልቃጡን አንስታ አዟዟረችው፤ አተሩ ተንሿሿ።

«አባታችን ሲታመም ጋሼ ቀዶ ሕክምና እየተማረ ነበር። አጋምሶታል። እኔ ገና ኮሌጅ ገብቻለሁ። ቤቱን የሚይዝ ሰው ጠፋ፤ ትምህርቱን አቋርጦ መጣ። ለእማዬ ግን ‹ጨርሻለሁ› አላት። እሷም ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። እስከ ዛሬ የምታውቀው እንደጨረሰ ነው።»

«መጽሔቱን እሳቸው ያነቡታል?»

«ዐይኗ ደክሟል። ጎረቤታችን ግን ጡረታ የወጣ የፖስታ ቤት ሰው ነው፤ የመድኃኒት ካርቶን ሳይቀር ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ ያነብላታል። የሱን አንድ፣ የኔን አራት ሲያነብላት፣ እማዬ መቁጠር ታውቃለች። ‹ልጄ ለእኛ ሲል ቀረ› ትልና በቀረ ዕድሜዋ ስታለቅስ ትኖራለች።»

«ይህን ለወንድምዎ ነግረዋቸዋል?»

«‹እማዬ ስለ ዲግሪ ምን ታውቃለች› ነው የሚለኝ። አራቱ ሲነበቡ እንድትሰማ ይፈልጋል፤ ሌላው አይታየውም። እሱ ሰው ሲኮራበት አያውቅበትም፣ በሰው መኩራት ነው የሚያውቀው።»

አራሚው መፍረድ አቃተው። ወንድምየው ያለው እውነት ነው። እህትየዋ የፈራችውም የሚያስፈራ ነው። ወደ ዋና አዘጋጇ ሄዶ ነገሩን፣ የእናትየውን ምስጢር ትቶ፣ አስረዳ።

«ሊያስቀንስ የመጣ?» አሉ ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አውልቀው። «ያመማት እንዳይሆን።» ከዚያ ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። «እስከ ነገ ጠዋት ሁለቱም ከፈረሙ ይወጣል። ካልፈረሙ በቦታው የቡአ ጽሑፍ ይገባል።»

አራሚው ስልክ ሲደውልለት ወንድምየው ነገሩን ቀለል አድርጎ ተቀበለው። «ከሰዓት በኋላ እናታችን ቤት ነን፤ እህቴም ትመጣለች። ሁለቱንም ወረቀት ይዘህ ና፤ ባለ አንዱንም ባለ አራቱንም። እዚያው እንጨርሰዋለን።» አራሚው በቀይ የተሰረዘውን በንጹህ ወረቀት ገልብጦ፣ የፒኤችዲውንም ስም ከመዝገብ አሟልቶ ሁለቱንም ያዘ።

የእናትየው ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከጫማ ጠጋኙ ቀጥሎ ነው። በመስኮቱ ሥር የልብስ ስፌት መኪና ጨርቅ ለብሳ ቆማለች። እናትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰፈሩን ልብስ ሰፍተዋል፤ አሁንም ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያዩት ፊቱን ሳይሆን ትከሻውን ነው።

«ይኼ ኮት ያንተ ልክ አይደለም» አሉት አራሚውን ጉንጩን ስመው። «ግባ ልጄ። ሻይ አለ፣ ዳቦ አለ።»

እህትየዋ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ነበር። ሁለቱን ወረቀቶች በአራሚው እጅ ስታይ ዐይኗን ፈጠጥ አደረገችበት። አራሚውም «እኔ የታዘዝኩትን ነው» ለማለት ትከሻውን ሰበቀ፤ ኮቱ ወደ ላይ ሄዶ ጆሮው ጋ ደረሰ።

«እማዬ» አለ ወንድምየው ወንበሩን እየሳበ፣ «የኔና የሚጣ ጽሑፍ ሊታተም ነው። እሱ ያነብልሻል፤ ስሚ።»

«ጋሼ፣ ተው» አለች እህትየዋ።

«ምን ቸገረሽ? ያንብብ እንጂ፣ እማዬ ትስማ።»

«አንብብ ልጄ» አሉ እናትየው። «እነዚህ ሲጨቃጨቁ ይመሻል።»

አራሚው ጉሮሮውን ጠረገ። ከስሞቹ ለማምለጥ በርዕሱ ጀመረ። ከርዕሱ አፍንጫ ውስጥ ወደተገኙት ነገሮች ዘለለ፤ አተሩን፣ ቁልፉን፣ የአሻንጉሊቷን ጫማ በየተራ አነበበ። እናትየው በሳቅ ፈነዱ።

«የኔ ቁልፎችም ይኖሩበታል። ያቺ የባለ ሱቁ ልጅ እዚሁ ተቀምጣ ነበር የከተተችው። ማን አወጣላት? እሱ አይደል?» ልጃቸውን ጉልበቱ ላይ መታ መታ አደረጉት። «በል፣ የማን የማን ስም አለበት?»

አራሚው ፈጠን ብሎ ዳቦ ቆረሰና አፉን ሞላ። በሞላ አፍ ማንበብ ነውር ነው፤ ማንም አያስገድደውም። ግን ወንድምየው አልጠበቀም። ወረቀቶቹን ከአራሚው ጉልበት ላይ ላፍ አድርጎ ባለ አራቱን መረጠና ተነስቶ ቆሞ አነበበ። የራሱን ስምና አንድ ዲግሪ በጥድፊያ አለፈው። የእህቱን ሲደርስ ግን በእያንዳንዱ ዲግሪ ላይ እንደ ሠርግ ዕቃ ቆጣሪ ቆም እያለ፣ ድምፁን ከፍ እያደረገ ዘለቀው። በመጨረሻው ላይ ትንፋሹ አጠረው እንጂ አልሳተም።

እህትየዋ ሲኒዋን እንደያዘች ቀረች። አራሚው ዳቦውን ማኘክ ተወ።

«እሷ አራት» አሉ እናትየው ቀስ ብለው።

«አራት» አለ ወንድምየው ደረቱን ነፍቶ።

«አንተስ?»

«እኔማ አንድ ነው።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ፣ እማዬ።»

እናትየው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ወደ ሴት ልጃቸው ዞር ብለው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል። እህትየዋ የምትፈራው ቀን የደረሰ መሰላትና ዐይኗን ጨፈነች።

«አይዞሽ የኔ ልጅ» አሉ እናትየው። «አራት ጊዜ? ይህን ሁሉ ደክመሽ አንድ ቀን እንኳ ሳትነግሪኝ?»

እህትየዋ ዐይኗን ከፈተች። «ምኑን?»

«አልገባኝም እኮ አይደለም። ስትመላለሺ አይ ነበር። ይኼ አለቀ ስትይ ሌላ ትጀምሪያለሽ። በየጊዜው አይዞሽ የምልሽ ለምን ይመስልሻል? እሱ አንዴ ተማረ፣ ገባው፣ ወጣ። አንቺን አራት ጊዜ አስተማሩሽ። ምን ይደረጋል፤ ጭንቅላት ከፈጣሪ ነው።»

ወንድምየው ወረቀቱን እንደያዘ አፉን ከፈተ። «እማዬ፣ እንደሱ አይደለም።»

«አንተ ዝም በል፤ አሁን እህትህን አታሳጣት። ልብስ በደንብ ከተለካ አንዴ ነው የሚሰፋው። አራት ጊዜ የሚፈታና የሚሰፋው ሲበላሽ ነው። እሱንም ቢሆን ሳይታክቱ ሰፍቶ መጨረስ ወግ ነው፤ እኔ በሷ አላፍርም።»

«አልተበላሸም፤ እያንዳንዱ ከፊተኛው የሚበልጥ ነው። ሰው አንዱን ሲጨርስ ነው ወደ ላይ…»

«አሁን አንተ ወደ ላይ ሳትወጣ ቀርተህ ነው?» አሉ እናትየው በኩራት ወደ አራሚው እየዞሩ። «ልጄ፣ ይኼን ብታየው ኖሮ። አባቱ አልጋ ላይ ሆኖ፣ ቤቱ ተመሰቃቅሎ፣ እሱ ጊዜውን ሳያዛንፍ ጨርሶ ከች አለ። ‹ጨርሻለሁ እማዬ› ሲለኝ፣ አባቱ እንኳ ያን ዕለት ምግብ በላ።»

ባለ ብልቃጡ እንደቆመ ቀረ። እህቱ ቀደም ብላ የነገረችው፣ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው ነገር አሁን ከነሙሉ ክብደቱ እግሩ ላይ ወደቀበት። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አራሚው አንገቱን አቀርቅሮ የዳቦ ፍርፋሪ ይለቅም ጀመር።

እናትየው ግን አልጨረሱም። ወደ አራሚው ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ አንተም እህት ይኖርሃል። የሰው ጉድ ጋዜጣ ላይ አይወጣም። ሦስቱን ተውላትና አንዱን ጻፍላት። ከወንድሟ እኩል ትሁን፤ ማን ያውቃል።»

«ይቻላል» አለ አራሚው። ባለ አንዱን ወረቀት አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እህትየዋ ጠዋት የጠየቀችው ይኸው ነው። እሱም ቢሆን ሁለት ፊርማ አግኝቶ ከቡአውም ከካርድ ክፍሉም ይተርፋል።

«አዎ፣ እሱን ይጻፍ» አለ ወንድምየው። «ባለ አራቱን ቅደደው። ሰነፍ ናት እየተባለች አራቱ ምን ያደርግልኛል?» ከዚያ እጁን አገጩ ላይ አሻሸ። «የለም፣ የለም። ይኼም ትክክል አይደለም። ሰነፍ አይደለችም። እማዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ያኔ አባባ ሲታመም እኔ…»

እህትየዋ ጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። ጠረጴዛው ዘለለ፤ የአራሚው ሻይ ኮቱ ላይ ፈሰሰ።

«ለሱ ኮት ሻይም አይበዛበት» አሉ እናትየው ጨርቅ ሊያመጡ እየተነሱ።

ወጥተው እስኪመለሱ ድረስ ወንድምና እህት ተያዩ።

«ልነግራት ነው» አለ ወንድምየው በሹክሹክታ። «አንቺ ደንቆሮ ተብለሽ እኔ ጎበዝ ተብዬ አልኖርም።»

«ታዲያ እንዴት ኖርክ? እስከ ዛሬ እንዲሁ አልኖርንም?»

«አላወቅኩማ።»

«እኔም አላወቅኩም። አሁን አወቅን። ምን ተጎዳሁ? ከሆስፒታል ደክሜ ስመጣ እማዬ ሥጋውን ለኔ የምታወጣው ለምን እንደሆነ ገባኝ።»

«ሚጣ፣ ግን ውሸት ነው።»

«የትኛው? አራት ጊዜ አልተማርኩም?»

ወንድምየው ወደ አራሚው ዞረ፤ ሰው ሲጨንቀው ዳኛ ያምረዋል። አራሚው ኮቱን እያራገፈ አሰበበት። «አራት ጊዜ መማራቸው ትክክል ነው» አለ በመጨረሻ። «እኔ እንኳ ሳርመው የሚወጣ ነገር የለውም።»

እናትየው ጨርቁን ይዘው ተመለሱ። አራሚውን እንደ ሕፃን እየጠረጉ፣ የእጅጌውን ስፌት በጎን እየመረመሩ ሳሉ ነበር እህትየዋ የተነሳችው። ባለ አራቱን ወረቀት ከወንድሟ ጉልበት ላይ ወሰደች፤ ከአራሚው ኪስ ቀዩን እስክሪብቶ መዘዘች፤ ጠረጴዛው ላይ ደገፍ ብላ ስሟን ፈረመች። እስክሪብቶውን ለወንድሟ ዘረጋችለት። እሱ እስክሪብቶውን አየ፣ እናቱን አየ፣ የተረገጠ እግሩን ወደ ኋላ ሰበሰበ፤ ፈረመ።

«ምን ወሰናችሁ?» አሉ እናትየው። «አንዱን ብቻ አይደል?»

እህትየዋ ወረቀቱን ለአራሚው ሰጠችው። ጮክ ብላ ስትናገር ጎረቤቱ የፖስታ ቤት ሰው በግድግዳው በኩል ይሰማት ዘንድ የፈለገች ይመስል ነበር።

«አይ እማዬ፣ የደከምኩበትን አልደብቅም። አራቱንም ጻፍ፤ አንድም እንዳይቀር። በአንዴ የገባው ሰው ስም ግን ይቅደም።»